ፊልም ልትማሩ ነው? ከመፈረማችሁ በፊት

የዩኒቨርሲቲ መልስ በሚመጣበት ሰሞን እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ሁለት ቤት መጠራቴ አይቀርም። ልጅቷ ፊልም እማራለሁ ብላለች፤ የአባትየው ቡና ሳይነካ ቀዝቅዟል፤ እናት ደግሞ «እስቲ አንተ ንገርልን፣ ነርስነት ምን ይወጣለታል?» ትለኛለች። የተጠራሁት ሐሳቧን እንዳስለውጣት መሆኑን አውቃለሁ። አላስለውጣትም። እኔም ይህንኑ ተምሬ፣ በድምፅ ባለሙያነት እየሠራሁ ነው ልጆች ያሳደግኩት። የምጣላው ከትምህርቱ ጋር ሳይሆን ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ ከሚመጣው የክፍያ ወረቀት ጋር ነው።

ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ባሉት ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱ ክፍያ ብቻ ዛሬ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ኪራዩና ምግቡ ለብቻ ነው፤ የመመረቂያ ፊልሙን ወጪም ብዙውን ጊዜ ተማሪው ከኪሱ ይሸፍናል። እኔ እንዲህ ካለው ትምህርት ቤት የገባሁት አክስቴን ዋስ አድርጌ ከባንክ ተበድሬ ነው። ዋስ መሆን ለእኛ የዝምድና ወግ ነው፤ እዚህ ግን ዋስ ማለት ሁለተኛ ተበዳሪ ማለት ነው። አክስቴ ከዓመታት በኋላ ቤት ልትገዛ ስትል የእኔ ዕዳ በስሟ ተቆጥሮ ብድር ተከለከለች። አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ከምረቃ በኋላ ሥራው በቀን ክፍያ ነው፤ ዛሬ ሦስት ቀን ተሠርቶ ሁለት ሳምንት ባዶ ይኬዳል። ያንን ጊዜ መታገሥ የሚችለው በየወሩ የሚቆረጥበት ዕዳ የሌለበት ሰው ነው። ከእኔ የበለጠ ዓይን የነበራቸው የክፍል ጓደኞቼ ካሜራቸውን ሸጠው የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሆነው ቀርተዋል።

ስለዚህ ክፍያው አነስተኛ በሆነው የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አለላችሁ። ሁለት ዓመት ተምራችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትዛወሩ ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የጨረሳችሁበት ነው። ኖቫ ከብዙ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ውል አለው፤ የተጠየቀውን ውጤት ያመጣ ተማሪ መግባቱ የተረጋገጠ ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ የካሜራና የቅንብር ኮርሶች ሁልጊዜ እንደ ዋና ትምህርት ተቆጥረው አይሻገሩላችሁም። የትኛው እንደሚቆጠር ከመመዝገባችሁ በፊት ከአማካሪው በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቃል የተነገራችሁን አትመኑ።

የመኖሪያ ወረቀታችሁም ነገሩን ይለውጠዋል። በዲቪ መጥታችሁ ግሪን ካርድ የያዛችሁ፣ ጥገኝነታችሁም የጸደቀላችሁ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ቅጽ ሞልታችሁ የመንግሥት እርዳታ መጠየቅ ትችላላችሁ። የጥገኝነት ማመልከቻችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ግን የፌዴራሉን እርዳታ አታገኙም። በተማሪ ቪዛ የመጣችሁ ደግሞ ከምረቃ በኋላ የሚሰጣችሁ የሥራ ፈቃድ 12 ወር ነው፤ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ምሩቃን የሚጨመረው 24 ወር ፊልምን አብዛኛውን ጊዜ አያካትትም። ጀርመን ያላችሁ ግን ታስቀኑናላችሁ፤ የመንግሥት ፊልም ትምህርት ቤቶቹ ክፍያ ከእኛው ጋር ሲነጻጸር ከቁም ነገር አይገባም። እዚያ በሩን የሚዘጋው የመግቢያ ፈተናውና ቋንቋው ነው።

የፊልም ዳይሬክተሩ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማም የተማሩት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ ባለው ዩሲኤልኤ ነው። ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አብዮቱ በተቀጣጠለበት ወቅት አገር ቤት ገብተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሏቸው ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ዋሽንግተን ዲሲ ከሆናችሁ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ለረጅም ዓመታት ካስተማሩበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚያው ፊልም ስም የከፈቱት መጻሕፍት ቤት አለ። ገብታችሁ ቡና ጠጡ። ፊልም ሠርቶ ተመልካቹን ራስ መፈለግ በብዙ ትምህርት ቤት አይሰጥም።

ትምህርቱ ውስጥ ስትገቡ ድምፅ ተማሩ። በክፍላችን ሃያ ሰው ዳይሬክተር መሆን ይፈልግ ነበር፤ የማይክሮፎኑን ዘንግ ለመያዝ እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚህም ምክንያት ሃያውም ፊልም ላይ ተጠራሁ፤ ስመረቅ በሁሉም ላይ ስሜ ነበር። የእኛን ሰው ስትቀርጹ ደግሞ የፈረንጅ መምህር የማያውቃቸው ጠላቶች አሉ። ደረት ላይ የሚሰካው ትንሿ ማይክሮፎን ከነጠላ ሥር ከገባች የምትሰማው የጥጥ ፍትጊያ ነው፤ የአንገት መስቀሉም በተነቀነቀ ቁጥር ይመታታል። ባለቤቲቱን አስፈቅዳችሁ መስቀሉን ወደ ጀርባ አዙሩት። በመጨረሻም የክፍሉን ዝምታ ለብቻው ሠላሳ ሴኮንድ ትቀዳላችሁ፤ ያ ለቅንብር ያስፈልጋል። ሐበሻ ቤት ግን ሠላሳ ሴኮንድ ጸጥታ የለም። አሥረኛዋ ላይ አንዷ እናት «ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞተ?» ትላለች።

ማቀዝቀዣውንም ማጥፋት አትርሱ፤ እኛ ጆሯችን ስለለመደው አንሰማውም እንጂ ማይክሮፎኑ ጉርምርምታውን አንድ በአንድ ይቀዳል። እኔ አንድ ጊዜ በፋሲካ ዋዜማ አንዲት እናት ቤት አጥፍቼው ረስቼ ወጣሁ፤ የበዓሉ ዶሮ ወጥ ውስጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማቀዝቀዣ ባጠፋሁ ቁጥር የመኪናዬን ቁልፍ እዚያው ውስጥ አስቀምጣለሁ። እኚያ እናት ግን አሁንም ቤታቸው ስገባ መጀመሪያ የሚያዩት እጄን ነው።