ክለባችሁ በማን ስም እንደሆነ ሳታውቁ አንድ ብር እንዳታዋጡ

እኅቴ፣ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፍሽውን አነበብኩት። የከተማችሁ ክለብ ተጫዋቾች ሦስት ወር ደመወዝ አላገኙም። ክለቡን የያዘው መሥሪያ ቤት «በጀት የለኝም» ብሏል። አንድ ባለሀብት ደግሞ «እኔ ልረከበው» እያለ ነው። ደጋፊው እሑድ ተሰብስቦ ገንዘብ ሊያዋጣ ነው። «እናዋጣ ወይስ ባለሀብቱን እንጠብቅ?» ነው ጥያቄሽ።

ከሥር የተሰጡሽን መልሶች አየኋቸው። አብዛኛው «አይዟችሁ፣ ክለብ አይሞትም» ይላል። ይሞታል። እዚሁ ባሕር ዳር የእኛ ሞቷል። እኔ የደጋፊ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። የክለቡንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፤ የማውቀውን ግን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ። የእናንተም ነገር ከእኛ የሚለይ አይመስለኝም።

1. ከሁሉ በፊት ክለቡ በማን ስም እንደሆነ በወረቀት እወቁ። «የሕዝብ ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ። የተቋቋመበት ደብዳቤ ምን ይላል? የባንክ ሒሳቡ የማን ነው? ቼክ ላይ የሚፈርሙት እነማን ናቸው? የተጫዋቾቹን ውል የፈረመው ማን ነው? እነዚህን ሳታውቁ መዋጮ አትጀምሩ።

ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገርሽ። የእኛን ክለብ ያቋቋመው አንድ የልማት ድርጅት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኳስ ወዳድ ስለነበሩ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ነበር። ደመወዙም፣ አውቶቡሱም፣ ቱታውም። እሳቸው ተዛወሩ። አዲሱ መጣና ገና በመጀመሪያው ስብሰባ «የእኛ ሥራ ኳስ አይደለም» አለ። ክለቡን የሚያኖረው የአንድ ሰው ፍቅር እንጂ ሌላ ነገር እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው የገባን።

ደመወዝ መጀመሪያ ዘገየ። ከዚያ ቀረ። ልጆቹ ቀበሌ 14 በኪራይ ግቢ ነበር የሚያድሩት። አከራዩ ኪራዩ ሲቀርበት የማድ ቤቱን ቁልፍ ይዞ ሄደ። ምግብ የሚያበስሉላቸው እማማ ምድጃቸውን ግቢ አውጥተው ከዛፉ ሥር ሽሮ መሥራት ጀመሩ። ሽንኩርቱንና ዘይቱን ከጉሊት የሚያመጡት በራሳቸው ስም በዱቤ ነው። ጎንደር ደርሶ ዘጠና ደቂቃ ሮጦ የተመለሰ ልጅ ማታ የሚበላው በእማማ ዱቤ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ደጋፊው ዝም አላለም። የባሕር ዳርን ሰው ታውቂዋለሽ። ባጃጅ ነጂው፣ ዓሣ ነጋዴው፣ የጀልባ ልጆች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ሁሉም ወጣ። ቶምቦላ አሳተምን። ማሊያ ሸጥን። ሩጫ አዘጋጀን። የልጆቹን ውዝፍ ደመወዝ ግማሽ የሚሸፍን ብር ተገኘ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ ብሩ በሦስት የኮሚቴ አባላት ስም በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ አልኩ። ከድርጅቱ የመጣው ሰው «ሕጋዊ የሚሆነው ክለቡ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ነው» አለ። ሰብሳቢያችን አመነው። በድምፅ ብልጫ አለፈ። የእኔ ተቃውሞ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል፤ ቅጂው እስካሁን እጄ ላይ አለ።

የክለቡ ሒሳብ የተባለው ግን የድርጅቱ ሒሳብ ነበር። ድርጅቱ ደግሞ ዕዳ ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ ሒሳቡ ታገደ። የባጃጅ ነጂው ብር፣ የዓሣ ነጋዴው ብር፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። ከዚያ ውስጥ አንድም ተጫዋች ሳንቲም አልደረሰውም።

ገንዘቡን ለማስመለስ አንድ ቢሮ ተመላለስን። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። «ማኅተም አላችሁ?» አለ። የለንም አልነው። «ማኅተም የሌለው አካል አላነጋግርም።» አብረውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሜዳ ያልቀሩ አንድ ጋሼ ነበሩ። «ልጄ፣ ይህ እኮ የድሃ ገንዘብ ነው» አሉት። «አባባ፣ ኳስ ካማረዎት ቤትዎ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ይዩ» አላቸው። ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ሜዳ መምጣት አቆሙ። ከጠፋው ብር ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰው ባይረዳ እንኳ ሽማግሌ ማክበር ምን ያስከፍላል?

በመጨረሻ መዝገብ ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት አዘነችልንና ፋይሉን አወጣችው። አንድ ገጽ ናት። በታይፕ የተጻፈች፣ ጠርዟ ቢጫ የሆነ፣ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈባት። ሦስተኛው መስመር ላይ ቡድኑ «የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ አንድ ክፍል» ሆኖ እንደተቋቋመ ይላል። በቃ። ያን ሁሉ ዓመት የጮህንለት ክለብ በወረቀት ላይ ከከረንቡላው ጋር አንድ መደብ ነበር። የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። ሊከስም ሲፈለግ የሚያስፈልገው አንድ የውስጥ ደብዳቤ ብቻ ነው። በኋላም የሆነው ይኸው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ። ጎንደር የነበረው ዳሽን ቢራ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ፣ ከጀርባው ፋብሪካ ያለው ክለብ ነበር። በ2008 ከሊጉ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። የአገራችን ክለብ አብዛኛው ወይ የከተማ አስተዳደር ነው፣ ወይ የመሥሪያ ቤት ነው። በጀቱ የሚጸድቀው ከውኃ ቧንቧና ከኮብልስቶን ጋር ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ኳሱ ነው። ባሕር ዳር ከነማን የምንደግፍ ሰዎችም ስጋታችን ይኸው ነው። የጣና ሞገዶቹ የምንላቸው እነዚሁ ልጆች በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በሚያዘጋጀው ኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጣሉ። ያን ያህል የሄደ ክለብ ግን በጨዋታው ቀን ከደጋፊው የሚያገኘው ገቢ ምን ያህል ነው? ትልቁ ስታዲየማችን የካፍን መስፈርት አላሟላም ተብሎ በ2014 ታግዶ ነበር። ሊጉም ከ2013 ጀምሮ ጨዋታዎቹን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ ሲያካሂድ ቆይቷል። ክለቡ ወራቱን ሆቴል እየከፈለ ይገፋል። ደጋፊው ደግሞ ካፌ ተቀምጦ በቲቪ ያያል።

2. ባለሀብቱን በሆታ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁት። የእኛም መጥቶ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው። ምን ነበር የተረከበው? በስሙ የሚዞር ክለብ አልነበረም፤ ወረቀቱን ነግሬሻለሁ። «እንዲያስተዳድር» የሚል የአደራ ደብዳቤ ነው የተሰጠው። መጀመሪያው ዓመት ላይ ተጫዋች በደህና ብር አስፈረመ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ቃለ መጠይቅ ሰጠ። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ስልኩን ማንሣት አቆመ። ልጆቹ ከድርጅቱ ሲጠይቁ «ወደ ባለሀብቱ ሂዱ» ይባላሉ። ከባለሀብቱ ቢሮ ሲጠይቁ «የክለቡ ባለቤት ድርጅቱ ነው» ይባላሉ።

ባለሀብት ሁሉ እንዲህ ነው አላልኩም። ግን ልብ በዪ፣ በታችኛው ሊግ ኳስ ትርፍ የለውም። በ2013 ከዲኤስቲቪ ጋር የተደረገው የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ስርጭት ስምምነት 68 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ሲወራ ሰው ሁሉ ክለብ ሀብታም የሆነ መስሎት ነበር። ያ የፕሪሚየር ሊጉ ነበር። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባሉት በከፍተኛ ሊግና በአንደኛ ሊግ ያለ ክለብ ከዚያ ምን አገኘ? ስለዚህ «ትርፍ ከሌለው ለምን ፈለግኸው?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። «ለአገሬ ልጆች» ካለ እሰየው፤ እሱንም ይፈርም። ለስንት ዓመት ነው? የመጀመሪያውን ዓመት በጀት አስቀድሞ ባንክ ያስገባል? ያለፈውን ዕዳ ይረከባል?

እንግሊዝ ውስጥ በሪ የሚባል ክለብ ነበር። በ1885 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ነጋዴ በ1 ፓውንድ ገዛው። ዕዳው ግን አለቀቀውም። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ሊጉ አባረረው። ያን ያህል ሕግና ኦዲተር ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በአደራ ደብዳቤ ክለብ በሚያልፍበት አገር ምን እንደሚሆን አንቺው አስቢው። እዚያው እንግሊዝ ፖርትስመዝ የሚባለው ክለብ ደግሞ በኪሳራ ሊዘጋ ሲል ደጋፊዎቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ራሳቸው ገዙት፤ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በእጃቸው አቆዩት። ያን ማድረግ የቻሉት አስቀድመው በሕግ የቆመ የራሳቸው ማኅበር ስለነበራቸው ነው።

3. ለተጫዋቾቹ ንገሯቸው። ውላቸውን፣ የመጨረሻ ደመወዝ የገባበትን የባንክ ወረቀት፣ ሁሉንም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። በፊፋ ደንብ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አሳውቆ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የክለቡ ስም ስለተቀየረ ዕዳው ይጠፋል ብሎ የሚያባብላቸው ካለ አይስሙት። ፊፋ ተተኪውን ክለብም ይጠይቃል። ፌዴሬሽናችንም ደመወዝ ያልከፈለ ክለብን አገልግሎት ሲከለክል አይተናል። የእኛ ልጆች ይህን የነገራቸው ስላልነበር አንዱም የውሉን ቅጂ እንኳ አልያዘም ነበር። አሰልጣኙ ሰብስቦ ወስዶታል። ግራ ክንፍ የነበረው ልጅ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ሳገኘው ሒሳብ አልቀበልም ይለኛል፤ እኔ ግን ጨምሬ ነው የምሰጠው።

4. የደጋፊ ማኅበር አቋቁሙ። «የደጋፊ ኮሚቴ» ማለት በሕግ ፊት ምንም ማለት አይደለም። ተመዝገቡ። ደንብ ጻፉ። ማኅተም አስቀርጹ። ሒሳብ በማኅበሩ ስም ክፈቱ፤ ሦስት ሰው ካልፈረመ አይውጣ። የክለቡ ብርና የእናንተ ብር መቼም አንድ ቦታ እንዳይገናኙ። የኢትዮጵያ ቡና ክለብን እዩ። ደጋፊው ተደራጅቶ አባልነት እየከፈለ፣ በክለቡ ጉዳይ ድምፁ የሚሰማ ኃይል ሆኗል። ችግር የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ግን ደጋፊውን «ቤትህ ተቀምጠህ ቲቪ እይ» ብሎ የሚያባርር የለም።

እኛ ክለባችን ከፈረሰ በኋላ የቀረነው ልጆች ተሰብስበን ይህንኑ አደረግን። አሁን የታዳጊ ቡድን አለን። ትንሽ ነው፤ የራሱ ነው። ወርኃዊ መዋጮው፣ ወጪው፣ የኳስና የጫማ ደረሰኙ በየወሩ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። አንድ ወላጅ ተጠራጥሮ ቢጠይቅ ፋይሉን አውጥቼ አሳየዋለሁ። ሜዳ ለመጠየቅ ያን ቢሮ እንደገና መሄድ ነበረብን። ሰውየው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ደብዳቤያችንን ከነማኅተሙ፣ ከነቁጥሩ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አንብቦ «ተቀመጡ» አለን። ተቀመጥን። ሜዳውንም አገኘን። ጋሼን የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ቤታቸው ድረስ ሄደን ነው ያመጣናቸው፤ አሁን የክብር ሰብሳቢያችን ናቸው።

እሑድ ስብሰባችሁ ላይ ሦስት ሰው ምረጡ። አንዱ ሕግ የሚያውቅ፣ አንዱ ሒሳብ የሚያውቅ፣ አንዱ ደግሞ ቢሮ ሲያመናጭቁት የማይቆጣ ይሁን። ሰኞ ጠዋት የክለቡን የመመሥረቻ ሰነድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። ደብዳቤው ገቢ ሲሆን ቀንና ቁጥር ይጻፍበት፤ ቅጂውን ይዘው ይመለሱ። በቃል «እሺ እናያለን» ከተባሉ እንዳይወጡ።

የልጆቹ ምግብ ግን ወረቀት አይጠብቅም። እሱን ነገውኑ አድርጉት። ጤፍ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት ገዝታችሁ ለምታበስልላቸው ሰው በእጅ አስረክቡ፤ ዱቤ ካለባት እሱንም ለባለ ጉሊቷ ራሳችሁ ክፈሉላት። ብር ለማንም አትስጡ። የመመሥረቻ ሰነዱ ሲገኝ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ መስመር በመስመር አብሬሽ አነበዋለሁ።