ዱባይ እንግሊዞች ቤት ለምትጀምረው እህት፦ ስለ እሑዱ ሮስት

እህቴ፣ እንኳን ሥራው ተሳካልሽ። ጥያቄሽ ይህ ነው፦ እንግሊዞች ቤት በምግብ ሥራ ልትጀምሪ ነው፣ ማዳም እሑድ እሑድ የበሬ ሮስት (በኦቨን የተጠበሰ ሥጋ) ከዮርክሻየር ፑዲንግ (ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚጋገር፣ አብጦ የሚነሳ ትንሽ ዳቦ መሰል ነገር) ጋር፣ በሳምንቱ መሀል ደግሞ ሼፐርድስ ፓይ (የተፈጨ ሥጋ ላይ የተፈጨ ድንች ተደርጎበት የሚጋገር) ትፈልጋለች፤ ዕቃው የት ይገኛል፣ እንዴትስ ይሠራል? ወጥ ለለመደ እጅ ምግቡ አይከብድም። ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ሰዓቱና የስቡ ሙቀት ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

ሥጋ ቆራጩን ቶፕሳይድ ወይም ሰርሎይን የሚባለውን የበሬ ብልት፣ ስቡ ያልተገፈፈ፣ ሁለት ኪሎ ስጠኝ በይው፤ ለስድስት ሰው ይበቃል። አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ከፍሪጅ አውጪው፣ በወረቀት ፎጣ አድርቂው፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ እሺው። ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ማብዛት የምንወደው እኛ ነን፤ እነሱ የሥጋውን ጣዕም ነው የሚፈልጉት። መጀመሪያ በ220 ዲግሪ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በ180 ለእያንዳንዱ 500 ግራም 15 ደቂቃ። ለብለብ የሚወዱ ከሆነ ቴርሞሜትሩ መሀሉ ላይ 55 ሲያሳይ አውጪው፣ በደንብ የበሰለ ካሉ እስከ 68 አቆዪው። ይህንን ማዳምን አስቀድመሽ ጠይቂያት። ከወጣ በኋላ ፎይል ጣል አድርገሽበት 30 ደቂቃ ይረፍ። ወዲያው ከተቆረጠ ጭማቂው ሁሉ ሳህን ላይ ይፈስና ሥጋው ይደርቃል።

ፑዲንጉ የሚጋገረው በዚያ 30 ደቂቃ ውስጥ ነው። 140 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 4 እንቁላልና 200 ሚሊ ሊትር ወተት ከትንሽ ጨው ጋር ጓል እስኪጠፋ ምቺ። ከእንጀራ ሊጥ ቀጠን ይበል። ቤኪንግ ፓውደር እንዳትጨምሪ፤ የሚያስነሳው እንፋሎቱ ነው፣ ቤኪንግ ፓውደር ከገባበት ኬክ ይመስላል። 12 ጉድጓድ ባለው የመፊን ትሪ በየጉድጓዱ አንድ የሻይ ማንኪያ የበሬ ስብ ወይም የሱፍ ዘይት አድርገሽ በ220 አሥር ደቂቃ አግይው። ቅቤ ያርራል፣ የወይራ ዘይት ይጨሳል። አንድ ጠብታ ሊጥ ጣል አድርጊበት፤ ወዲያው ካልተንጫጫና ዳር ዳሩ ካልፈላ ስቡ አልደረሰም፣ ፑዲንጉም ተጣብቆ ይቀራል። ሊጡን በፍጥነት እስከ ግማሽ ሙዪ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ጋግሪ። በዚህ መሀል የኦቨኑን በር በፍጹም አትክፈቺ፤ ቅዝቃዜው እንደገባ ያበጠው ሁሉ ሙሽሽ ይላል፣ ተመልሶም አይነሳም።

ከሥጋው ጋር ኦቨን ውስጥ በስብ የሚጠበሰውን ድንች ጨው ባለው ውሃ አሥር ደቂቃ ቀቅለሽ አጥልዪው፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ተዪው፣ ከዚያ ድስቱን ከድነሽ ነቅነቅ አድርጊው። ዳሩ ሲሻክር ነው ጥርት ብሎ የሚጠበሰው። እርጥብ ድንች የጋለ ስብ ውስጥ ቢገባም ልፍስፍስ ይላል። ማሪስ ፓይፐር የሚባለውን የእንግሊዝ ድንች ካጣሽ ራሴት የሚባለው ድንች ጥሩ ነው፤ የሰላጣ ድንች አይሆንም።

በፈረንጅ ሰዓት 14:00 ላይ ይበላል እንበል። ሊጡን 11:30 መትተሽ አስቀምጪ። ሥጋው 12:05 ይግባ፣ ድንቹ 12:55፣ ሥጋው 13:25 ይውጣ፤ ያኔ እሳቱን 220 አድርገሽ የፑዲንጉን ትሪ ከነስቡ አስገቢ፣ ድንቹንም ለመጨረሻ ጊዜ አገላብጪ። 13:35 ሊጡን ጨምሪ። ግሬቪውን፣ ማለትም ሥጋው ላይ የሚፈሰውን ስጎ፣ ሥጋው በተጠበሰበት ትሪ ላይ ሥሪው፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ቆላ አድርገሽ፣ ግማሽ ሊትር መረቅ እየጨመርሽ የተጣበቀውን ፍቂው። እንደ ወጥ አይወፍርም፣ ከማንኪያ ላይ ይፈሳል። ቢስቶ የሚባለው የተዘጋጀ የግሬቪ ዱቄት ቢጨመርበት ነውር የለውም፣ ራሳቸውም ይጠቀሙበታል።

ስለ ሼፐርድስ ፓይ እንግሊዞቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ሼፐርድ እረኛ ማለት ነው፣ ስለዚህ በተፈጨ የበግ ሥጋ፤ በበሬ ከሆነ ስሙ ኮቴጅ ፓይ ነው ይላሉ። የቆዩ ጽሑፎች ግን ሁለቱን ስም እያቀላቀሉ ተጠቅመዋል። አንቺ በበግ ሥሪውና ከክርክሩ ውጪ ሁኚ። ለ500 ግራም ሥጋ 900 ግራም ድንች፤ ሥጋው ሳይቀዘቅዝ የተፈጨውን ድንች ካደረግሽበት ይሰምጣል።

ለዕቃው ስፒኒስና ዌይትሮዝ የሚባሉት ሱፐርማርኬቶች የእንግሊዝ ነገር የሚበዛባቸው ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ከበድ ይላል። ሥጋ፣ ድንች፣ ዱቄትና እንቁላል ከሉሉ ወይም ከካርፉር ግዢ። ሱቅ ውስጥ «ማይዳ» የሚሉት የኛው ፉርኖ ነው፤ «አታ» ያልተነጠረ ስንዴ ስለሆነ ለፑዲንግ አይሆንም። የምግብ አሠራሩ «ሰልፍ ሬይዚንግ» የሚል ዱቄት ካዘዘ በ150 ግራም ፉርኖ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሪ።

አንድ ነገር ሳትጀምሪ ተናገሪ። የእንግሊዝ ቋሊማና ቤከን በአብዛኛው የአሳማ ነው፣ ዱባይም ለብቻው በተከለለ ክፍል ይሸጣል። ኦርቶዶክስም ሁኚ ሙስሊም፣ አልነካም ካልሽ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሪያቸውና የበሬ ወይም የዶሮ ቋሊማ እንደምትሠሪ አስረጂ። መጥበሻውንም ለየብቻ አስደርጊ።