ግንቡና ምድር ቤቱ፦ ስለ «አታክ ኦን ታይታን» ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ አኒሜ (የጃፓን የሥዕል ተከታታይ ፊልም) የጻፍኩት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «አታክ ኦን ታይታንን የሚጠላ ሰው ግማሹን ብቻ ያየ ሰው ነው» ብዬ፤ ታይታን የሚባሉት ሰው የሚበሉ ግዙፍ ፍጡራን ናቸው። መዘዙ ግን ብዙ ሆነ። ግማሾቻችሁ ሰደባችሁኝ፣ ግማሾቻችሁ ጠየቃችሁኝ። ስድቡን በሆዴ ይዤ ጥያቄውን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ገና ላላያችሁት ስል ትልልቆቹን ምስጢሮች አልዘረግፍም፤ አንዳንዱን ግን ሳይነኩ ማውራት አይቻልምና ቀድሜ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያውን ሲዝን በሁለት ቀን ጨረስኩት። ሁለተኛው ግን ደበረኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «የሦስተኛውን የመጀመሪያ ግማሽ ዝለለው፣ ታይታን የለበትም» ይለኛል። ልዝለለው? ወይስ ከነጭራሹ ልተወው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትዘል! ጓደኛህንም ስለ ፊልም ሁለተኛ አትስማው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የ2013ቱ ሲዝን 25 ክፍል ነው፤ ሁሉም ሰው በፍቅር የወደቀው እሱ ላይ ነው። ሰዎች በሦስት ግንብ ተከበው ይኖራሉ፤ ግንቡ 50 ሜትር ነው። አንድ ቀን 60 ሜትር የሚሆን ታይታን ብቅ ብሎ በግንቡ አናት ላይ ቁልቁል ያያቸዋል። ጎንደር ላደገ ልጅ እኮ ግንብ ብርቅ አይደለም። የፋሲል ግቢ አጥር ወደ 900 ሜትር ይዞራል፣ 12 በር አለው፣ እኔ ትምህርት ቤት ስመላለስ ጥጉን ይዤ ነው ያደግኩት። ለእኛ ግንብ ኩራት ነው። ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለኤረን ግን ግንብ ማለት የከብት በረት ነው፤ ውስጡ ያሉትም መታጎራቸውን ረስተው የሚበሉና የሚተኙ ሰዎች ናቸው። ይህን ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቆይ፣ አጥር የሚሠራው ለማን ነው?» ብዬ አሰብኩ። ደራሲው ሐጂሜ ኢሳያማ ራሱ ያደገው ኦያማ በምትባል በተራራ በተከበበች የጃፓን ገጠር ነው። አሁን እዚያ ካለው ግድብ ሥር የኤረንና የሁለቱ ጓደኞቹ የሚካሳና የአርሚን ሐውልት ቆሟል፤ ሦስቱም ሕፃን ሆነው ግድቡን ሽቅብ ያያሉ። እዚህም ከመሃል ከተማ ቀና ስትል በየአቅጣጫው ተራራ ነው፤ ሰውየው የሚያወራው ይገባኛል።

ግን እውነቱን እንነጋገር፤ የመጀመሪያው ሲዝን ጩኸት ይበዛዋል። መክፈቻዎቹ ሁለት ክፍሎች ወደር የላቸውም። መሃል ላይ ያለው የትሮስት ከተማ ውጊያ ግን ተጎተተ፣ የግንቡን ቀዳዳ የሚደፍኑበትን ድንጋይ እስኪሸከሙት ድረስ እኔ ሁለቴ ቡና አፈላሁ። ጫካ ውስጥ ሴቷ ታይታን ስታሳድዳቸው ነው እንደገና ነፍስ የዘራው።

ሁለተኛው በ2017 ነው የወጣው፤ አራት ዓመት ተጠብቆ 12 ክፍል ብቻ። ደበረኝ ያልከው ውጊያ ስትጠብቅ ስለሆነ ነው። ይህ ሲዝን የሚያወራው ስለ ጥርጣሬ ነው። ወጣቶቹ ወታደሮች ያለ መሣሪያ አንድ ፍርስራሽ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚያድሩበትን ሌሊት አስታውስ፤ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማን ለምን እንደደነገጠ ፊታቸው ላይ ነው የሚነበበው። ከዚያ ስድስተኛው ክፍል ይመጣል። በተከታታይ ፊልም ውስጥ እንደዚያ ያለ የምስጢር አወጣጥ ሌላ አላየሁም። ምስጢሩን የሚያወጣው ሰው የሚናገረው እንደ ተራ ወሬ ነው፣ ከጎን ሆኖ፣ «ነገ ገበያ እሄዳለሁ» እንደሚል ሰው። እኔ መጀመሪያ ሰብታይትሉ የተሳሳተ መስሎኝ ወደ ኋላ መልሼ አየሁት።

አሁን ወደ «ዝለለው» የተባልከው እንምጣ። የ2018ቱ የሦስተኛው ሲዝን የመጀመሪያ ግማሽ 12 ክፍል ነው፤ ሰው ከሰው ጋር የሚታኮስበት፣ ንጉሥ፣ ሴራ፣ ኬኒ የሚባል ባለ ሽጉጥ ሽማግሌ። ማንጋው (አኒሜው የተወሰደበት የሥዕል መጽሐፍ) ላይ ከዚህም ይረዝማል፣ አኒሜው ቆራርጦ አሳጥሮታል። እኔ ሳልፈልግ ዘልዬው ነበር። በፍላሽ ፊልም የሚጭን አንድ ሱቅ ፋይሎቹን አቀላቅሎ ሰጠኝና ሁለተኛውን ግማሽ ቀድሜ አየሁት። ሳላውቀው አንዲት ልጅ ንግሥት ሆና ቁጭ ብላ አገኘኋት! ወታደሩ ሊቫይ ለምን እንደዚያ እንደሚያዝን፣ አዛዡ ኤርዊን ለምን በኤረን ቤት ሥር ያለውን ምድር ቤት ማየት እንደሚፈልግ፣ ምኑም አልገባኝም። ግማሹን ለይቶ ማየት ምን እንደሆነ የተማርኩት ያኔ ነው።

ፋይሎቹ ከተደረደሩ በኋላ ግን የሁለተኛው ግማሽ፣ የ2019ኞቹ 10 ክፍሎች... ለእኔ ከሁሉም በላይ ናቸው፣ በዚህ አልደራደርም። ኤርዊን ገና ጢም ያላወጡ ምልምሎችን በፈረስ አሰልፎ ወደሚወረወር ድንጋይ ሲጋልብ፣ ውሸታም መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ግን ይጋልባሉ። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ያለው ይመጣል። ነፍስ የሚያድነው መርፌ አንድ ነው። የሚሞቱት ሁለት ናቸው። እኛ ቤት በዚህ ክፍል ምክንያት ከአክስቴ ልጅ ጋር ሦስት ቀን ተኳርፈናል። እስከ ዛሬ የተሳሳተው ሰው ተመረጠ ይላል። እኔ ደግሞ ሊቫይ የመረጠው ለዓለም ብሎ ሳይሆን ለጓደኛው ዕረፍት ብሎ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ አራተኛውን ስከፍት ሌላ ፊልም የከፈትኩ መሰለኝ። አንድም የማውቀው ሰው የለም። ስዕሉም ተቀይሯል። ስቱዲዮ ስለቀየሩ ነው የተበላሸው ይባላል፣ እውነት ነው? ደግሞ ያቺን ጋቢ የምትባል ልጅ ማየት አልቻልኩም። (ከማራኪ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ስሟ። እኛ ጋቢ የምንለው ሲበርደን የምንለብሰውን ነው፤ ይቺኛዋ ግን ራሷ ብርድ ናት! እኔም አምስት ክፍል ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ነው ያየኋት።

ስቱዲዮው እውነት ነው። ሦስቱን ሲዝን የሠራው ዊት ስቱዲዮ ነበር። ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ ማፓ የሚባል ሌላ ስቱዲዮ ተረከበው። ታይታኖቹን በአብዛኛው በኮምፒውተር ሠሯቸው፣ ቀለሙም ደብዘዝ አለ። በሽቦ ተንጠልጥለው በሕንፃዎች መሃል የሚበሩበትን የዊትን ሥራ ለለመደ ዓይን አንዳንዱ ውጊያ ከበድ ይላል፤ እዚህ ላይ ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ጋር ነኝ። ተበላሸ የሚለውን ግን አልቀበልም። ሌላ ፊልም የከፈትሽ የመሰለሽ ሆን ተብሎ ነው። ከግንቡ ማዶ ወስደው ይጥሉሻል። እዚያ ደግሞ ክንዳቸው ላይ ምልክት ታስሮባቸው በአጥር ተከልለው የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ልጆቻቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ «ባሕር ማዶ ያሉት ሰይጣኖች ናቸው» እየተባሉ ያድጋሉ። ሰይጣን የተባሉት እኛ ሦስት ሲዝን ሙሉ ያለቀስንላቸው ልጆች ናቸው።

ጋቢን ከጠላሻት እስኪ የመጀመሪያውን ሲዝን ኤረን መልሰሽ እይው። ያው ጩኸት፣ ያው «ሁሉንም እገድላቸዋለሁ»፣ ያው ዓይን። እሱን ያጨበጨብንለት ቀድመን ስላየነው ብቻ ነው። ደራሲው እዚህ ላይ ያዘን።

አሁን ትንሽ ላበላሽብሽ ነው፤ ያላየ ይህን አንቀጽ ይዝለል። ጋቢ ሁላችንም የምንወዳትን አንዲት ልጅ ትገድላለች። በኋላ የሟቿ አባት ገዳዩን ፊት ለፊት ያገኛታል፣ ቢላዋም ይሰጡታል፣ «የልጅህን ደም መልስ» ማለታቸው ነው። አዳኝ ሰው ነው፣ ቢላዋ አያያዝ ያውቃል። ይቀበላል። ከዚያ ያስቀምጠዋል። ያጠፋነውን እኛ ትልልቆቹ እንሸከም፣ ልጆቹን ግን ከዚህ ጫካ እናውጣቸው የሚል ነገር ነው የሚናገረው። ያን ቀን አጎቴ አጠገቤ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። አኒሜ የሚባል ነገር አያውቅም፣ «የሕፃናት ሥዕል» ነው የሚለው። በወጣትነቱ ግን ስንት ደመኛ ሲታረቅ አይቷል፣ ሳይታረቅ የቀረውንም አይቷል። ቆሎውን አስቀመጠና «ይሄ ሰውዬ የየት አገር ሽማግሌ ነው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ራሱ ይጠይቀኝ ጀመር፤ «ያቺ ክፉ ልጅ እንዴት ሆነች?»

የኤረንና የቀድሞ ጓዱን የራይነርን የምድር ቤት ወሬ ደግሞ አትርሺ። አምስተኛው ክፍል ነው። ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፣ ከላይ ሕዝብ ይሰበሰባል። ከ60 ሜትሩ ታይታን ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻውን ጠላሁት። አንተስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አጭር ጥያቄ፣ ረጅም ቁስል። መጀመሪያ «የመጨረሻው ሲዝን» ብለው የጀመሩት ነገር ከታኅሣሥ 2020 እስከ ኅዳር 2023 ቆየ። በእኛ አገር ስንብት እንኳን በር ላይ ይህን ያህል አይረዝምም። 16 ክፍል፣ ከዚያ በ2022 ሌላ 12፣ ከዚያ በ2023 ሁለት ረጃጅም ልዩ ክፍሎች። የመዝጊያው ክፍል በወጣበት ሰሞን እዚህ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ዓለም ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ከአዲስ አበባ ፍላሽ የሚያመጣልኝ ሰው ስጠብቅ ከረምኩ። የመጣልኝ ልጅ ደግሞ ፍላሹን ሳይሰጠኝ መጨረሻውን ነገረኝ! እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ አካሄዱን አልወደድኩትም። በግዙፉ ታይታን አጥንት ላይ ያለው ውጊያ በጣም ረዘመ። ያን ያህል ያደከሙን ጥያቄዎች ደግሞ በአንድ ንግግር ተቋጩ። ኤረን ለምን ያን ሁሉ እንዳደረገ ሲያስረዳ ግማሹ ያሳምናል፣ ግማሹ የልጅ ወሬ ነው። ምናልባት ልጅ ስለሆነ ይሆናል፤ እኛ ነን ትልቅ ሰው ያደረግነው። ማንጋው በሚያዝያ 2021 ሲያልቅ የኤረንና የአርሚን ንግግር ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። አኒሜው ላይ ተስተካክሎ ነው የቀረበው፣ አርሚንም የጥፋቱን ድርሻ ይወስዳል። ይኼኛው ይሻላል። ማንጋውን አንብበህ ከሆነ የጠላኸው፣ አኒሜውንም እየው።

ደግሞ የሠራተኞቹ ስም ሲመጣ ዘግተኸው ከሆነ መልሰህ ክፈተው። ከስሙ ጋር የሚታየው ከተማ ምን እንደሚሆን ተመልከት። ብዙዎች «ታዲያ ለምን ደከሙ?» ብለው የተናደዱት በዚያ ነው። እኔ ደግሞ ያን ባያሳዩን ኖሮ ነበር የምናደደው።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ሰው የሚበላ ግዙፍ ፍጡር ያለበት ነገር እያየ ነው። መጀመሪያውን ጨርሷል አሉ። ልከልክለው? (አንዲት እናት፣ ከቁስቋም)

መልስ፦ እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሳይጀምር ቢጠይቁኝ ይቆይ እል ነበር። ገና በመጀመሪያው ክፍል ላይ አንዲት እናት ልጇ እያያት ትበላለች። ቀልድ አይደለም። አሁን ግን ጀምሯል፣ ቢከለክሉትም ጓደኛው ቤት ሄዶ ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ እንደ እኔ ከሆነ መሃል ላይ አያቋርጡት። መሃል ላይ ያቆመ ልጅ «ጠላትህን ሁሉ ጨርሰው» የሚለውን ይዞ ይቀራል። ያ ንግግር ወዴት እንደሚያደርስ የሚታየው በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ እንዲቀጥል ቃል ያስገቡት፤ ካልሆነም እርስዎ ወይም ታላቁ አብራችሁት ተቀመጡ። የአጎቴን ነገር ከላይ ጽፌልዎታለሁ፤ ማን ያውቃል፣ እርስዎም ይይዝዎት ይሆናል።

ጥያቄ፦ በሥዕል ሳይሆን በሰው ተዋናይ የተሠራው ፊልምስ? የሊቫይ ብቻውን የሆነ አለ ሲባልም ሰምቻለሁ። (ከአዘዞ፣ ሌላኛው)

መልስ፦ በሰው የተሠሩት የ2015 ሁለት ፊልሞች ናቸው። ሊቫይ የለባቸውም። ይኸው ነው መልሴ።

የሊቫይ የወጣትነት ሕይወት ያለበት ግን ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ከመሬት በታች ባለ ከተማ ውስጥ ሌባ ሆኖ ነው የምታገኘው። የመጀመሪያውን ሲዝን ከጨረስክ በኋላ እየው፣ ለሦስተኛው ይጠቅምሃል። በ2024 የወጣው ረጅም ፊልም አዲስ ታሪክ የለውም፤ ሁለቱ የ2023 ልዩ ክፍሎች ተያይዘው ነው፣ ትልቅ ስክሪንና ጥሩ ድምፅ ካለህ ብቻ ድገመው። ለማስጫን ስትሄድ ግን ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ጽፈህ ሂድ፤ ከሱቁ ሳትወጣም አንድ በአንድ ከፍተህ እይ።