ቫራናሲ ለምትሄዱ፦ ጥያቄና መልስ

በሕንድ ጋንጋ ወንዝ ዳር ስላለችው ቫራናሲ (ካሺም ባናራስም ትባላለች) ጠይቁ። ቪዛና ቲኬት ግን አልመልስም።

ሄለን፦ ከአዲስ አበባ ነው የምነሳው። መቼ ልሂድ?

መልስ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂጂ። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ግን ጉም ስላለ ባቡሩም አውሮፕላኑም ይዘገያል፤ ተከታታይ በረራ ካለሽ አንድ ቀን መጠባበቂያ ያዢ። ግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ዳርና ዳሩ ላይ ያሉትን የድንጋይ ደረጃዎች ይውጣቸዋል፣ ጀልባም ይከለከላል። ቢጫ ካርድ እንዳትረሺ፦ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉት ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው መከተብ አይጠቅምም።

ያሬድ፦ ስንት ብር ይበቃል?

መልስ፦ ለስንት ቀን? ምን ዓይነት ማረፊያ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ሰላም፦ ሬሳ የሚቃጠልበትን ቦታ ማየት ይቻላል? ነውር አይሆንም?

መልስ፦ በአግባቡ ለቆመ ሰው ነውር የለውም። ቦታው ሁለት ነው፤ ትልቁ ማኒካርኒካ፣ ሌላው ሃሪሽቻንድራ። በካሺ የሞተ ዳግመኛ ከመወለድ ዑደት ይወጣል ብለው ስለሚያምኑ የማኒካርኒካ እሳት ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። አስከሬኑ በቀርከሃ ቃሬዛ ሆኖ በጠባቡ መንገድ ሲመጣ ግድግዳውን ተጠግታችሁ አሳልፉ። መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ ይነከራል። እንጨቱ በትልቅ ሚዛን ተመዝኖ ይሸጣል፤ ማንጎ ርካሽ ነው፣ ሰንደል ውድ ስለሆነ ብዙው ሰው ዱቄቱን ብቻ ይነሰንሳል። ብዙ ጊዜ የበኩር ልጅ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ ዶም የሚባሉት ወገኖች ከሚጠብቁት እሳት ይለኩሳል፤ የተከመረውን እንጨት አምስት ጊዜ ይዞራል። ሦስት ሰዓት ያህል ይነዳል። መጨረሻ ላይ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ የውሃ ገንቦ በግራ ትከሻው ላይ ወደ ኋላ ይወረውርና ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል። ለቅሶ ነፍሷን ይይዛታል ስለሚባል ዋይታ የለም፤ የኛን ቀብር ለለመደ ዝምታው ይከብዳል።

ፎቶ አይነሳም፤ ከጀልባ ላይ በስልክም ቢሆን። «ና ከፎቅ ላሳይህ» ብሎ ወስዶ «ለድሆች ማቃጠያ እንጨት አዋጣ» ለሚል ሰው አትክፈሉ። ገንዘቡ ለእንጨት አይውልም።

ዳዊት፦ ጋንጋ የእነሱ ጠበል ነው አይደል? ብቀምሰውስ?

መልስ፦ አትቅመስ። የከተማ ፍሳሽ ይገባበታል።

ትዕግሥት፦ ጠበልን ከዚህ ጋር ማመሳሰል ደስ አይልም።

ዳዊት፦ ለእነሱ ነው ያልኩት እንጂ እኩል ነው መች አልኩ?

ትዕግሥት፦ ጠበል ከምንጭ የሚፈልቅ ነው፤ ይሄ ትልቅ ወንዝ ነው።

ዳዊት፦ ግሽ ዓባይስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ይብቃ። ምዕመናኑ ውሃውን ቀድተው፣ አሽገው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ፤ ከዚህ በኋላ የሚመሳሰለውን ራሳችሁ ፍረዱ።

ሄለን፦ ዋናው ቤተ መቅደስ ክርስቲያን ያስገባል?

መልስ፦ ካሺ ቪሽዋናት የውጭ አገር ሰው በፓስፖርት ያስገባል፤ ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ያዢ። በ2021 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) መተላለፊያው ተስፋፍቶ ከተመረቀ ወዲህ ከወንዙ በቀጥታ ይገባል። ስልክ፣ ካሜራ፣ ቦርሳ አይገባም፤ ውጭ በሳጥን ይቆለፋል። ጫማ ይወለቃል። በሌላዋ የሕንድ ከተማ በፑሪ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ግን ሂንዱ ያልሆነ አያስገባም፤ አትድከሙ።

ያሬድ፦ ጀልባስ?

መልስ፦ ንጋት ላይ በደቡብ በኩል ካለው አሲ ከሚባለው ደረጃ ተነሥቶ ወደ ማኒካርኒካ መውረድ ነው። ወንዙ እዚያ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ሲመለሱ ቀዛፊው ከውሃው ጋር ይታገላል፤ ስለዚህ የደርሶ መልስ ነው ወይስ የመሄጃ ብቻ የሚለውን ሳትሳፈር ቁረጥ። ዋጋው በጀልባ ነው ወይስ በሰው የሚለውንም። ከወንዙ ማዶ ባዶ አሸዋ ስለሆነ ፀሐይዋ ሳትጋረድ ትወጣለች። የማታውን አራቲ (ለወንዙ መብራት እያዞሩ የሚሰግዱበትን) ሥርዓት ዳሻሽዋሜድ ደረጃ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል፤ አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ ቦታ ያዝ።

አበበ፦ ማኒካርኒካ ላይ ፎቶ ይቻላል?

መልስ፦ አቤ፣ ከላይ አንብብ። ለእንጨትም አትክፈል።