ጥያቄና መልስ፦ ሱባኤ ስገባ የኤችአይቪ መድኃኒቴን ላቁም?

ጥያቄ፦ ጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት በየማታው እወስዳለሁ። አሁን ጠበል ቦታ ሱባኤ ልገባ ነው። አብረውኝ የሚሄዱት «ሁለቱን መደረብ እምነት ማጉደል ነው፤ መድኃኒቱን ተዪው» ይሉኛል። ጤና ጣቢያ ደግሞ «ካቋረጥሽ ቫይረሱ ይለወጥና መድኃኒቱን ይላመዳል» አሉኝ። ቫይረስ እንዴት ይለወጣል? የማንን ልስማ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጠበሉን ይጠመቁ፤ መድኃኒቱንም አንድ ቀን እንኳ አይዝለሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ አይጋጩም ብለው በይፋ አስተምረዋል።

የጤና ጣቢያው ቃል ትክክል ነው። ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ፊደል ቢስት አራሚ ያቀናለታል። የሰው ሕዋስ ዘረመሉን ሲገለብጥም እንዲህ ያለ አራሚ አለው። 9,700 ያህል ፊደላት ያሉትን የኤችአይቪ ዘረመል የሚገለብጠው ኢንዛይም (ሥራ የሚያካሂድ ፕሮቲን) ግን አራሚ የለውም። ሕክምና ባልጀመረ ሰው ደም ውስጥ በቀን እስከ 10 ቢሊዮን አዳዲስ ቫይረሶች ስለሚፈጠሩ ስሕተቱ ብዙ ነው። አብዛኛው ስሕተት የሚጎዳው ቫይረሱን ራሱን ነው። አንዳንዱ ግን፣ ቫይረሱ አስቦበት ሳይሆን እንዲያው በአጋጣሚ፣ መድኃኒት የማይዘው ዝርያ ያወጣል። ለምሳሌ በኢንዛይሙ 184ኛ ቦታ ላይ ያለው ሚታዮኒን የተባለ የፕሮቲን ቅንጣት (አሚኖ አሲድ) ቫሊን በተባለ ሌላ ከተተካ ላሚቩዲን የተባለው መድኃኒት ቫይረሱን መግታት ያቅተዋል። ለዚህ በዘረመሉ የአንድ ፊደል ለውጥ ይበቃል።

ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉት ሦስት መድኃኒቶች በአንድ እንክብል የተዋሐዱት ስለዚህ ነው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚያመልጥ ግልባጭ በቀላሉ አይገኝም፤ መባዛቱ ሲገታ ደግሞ ስሕተቱም አብሮ ይቆማል። አደጋው መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሳስቶ ቫይረሱ ሲባዛ ነው፤ ያን ጊዜ የተለወጠው ብቻ ተመርጦ ይበዛል። ዛሬ ወስዶ ነገ መተው ከሁሉ የከፋው ለዚህ ነው። ዶሉቴግራቪር በቀላሉ የማይላመዱት ጠንካራ መድኃኒት ቢሆንም ይህ ለማቋረጥ ፈቃድ አይሆንም። አንድ ጊዜ የተፈጠረ ዝርያ በሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ከዓመታት በኋላም ያው መድኃኒት ሲጀመር ሊነሣ ይችላል።

«እምነት ማጉደል» ለሚሉዎት ሕዝቅያስን ይጥቀሱላቸው። እግዚአብሔር «እፈውስሃለሁ» ካለው በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገ. 20፥5-7)። የተስፋው ቃል መድኃኒቱን አላስቀረውም።

«ድኛለሁ» የሚልም ቢሆን ለምጻሙ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ እንደታዘዘ ለሐኪም ይታይ (ማቴ. 8፥4)። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፦ መድኃኒት እየወሰዱ ቫይረሱ በምርመራ አለመታየቱ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ያሳያል እንጂ ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ካቆሙት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይታያል።

ለሱባኤው ከቀኑ ብዛት ትንሽ የሚተርፍ እንክብል ይያዙ፤ ጠበል ቦታ እርጥበት ስለማያጣ ከነብልቃጡ ይሁን። ጠበል የሚጠጣው ጠዋት በባዶ ሆድ ስለሆነና ሊያስመልስም ስለሚችል የማታ ሰዓትዎን አይለውጡ። እንክብሉ ያለ ምግብም ይወሰዳልና ጾም አያግደውም። የብረት ወይም የካልሲየም እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ከእነርሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ያድርጉት። ለቅዱስ ቍርባን የሚጾመው 18 ሰዓት ከማታው እንክብል ሰዓት ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ሰዓቱን ቀደም ማድረግ እንዴት እንደሚቻል ንስሐ አባትዎንና የጤና ባለሙያዎን አስቀድመው ያማክሩ።

አስቀድመው አቋርጠው ከነበረ ደግሞ ስንት ቀን እንዳለፈ ሳይደብቁ ለጤና ጣቢያው ይንገሩ። መድኃኒቱን መልሰው ከጀመሩ በኋላ የቫይረስ መጠን ምርመራ ይታዘዝልዎታል። ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,000 የቫይረስ ቅጂ በላይ ከሆነ በአወሳሰዱ ላይ ምክር ተሰጥቶ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል፤ ያኔም ካልወረደ መድኃኒቱን ስለመቀየር ይታያል።