የጤና ጣቢያ በጀት ሲሳሳ፦ ጥያቄና መልስ

ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ የጤና ጣቢያ በጀት አብሮት አልወጣም። የዛሬዎቹ ጥያቄዎችም ከዚያው የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ወረዳው የሚሰጠን በጀት ከደመወዝ አያልፍም። በውስጥ ገቢያችን ተጨማሪ ቋሚ ሠራተኛ ብንቀጥርስ?

መልስ፦ አይሆንም። ከካርድ፣ ከላቦራቶሪና ከመድኃኒት የሚሰበሰበው ገንዘብ በተቋሙ እንዲቀር የተፈቀደው ለመድኃኒት፣ ለመሣሪያ፣ ለጥገናና ለመሳሰሉት ነው፤ ያውም የጤና ጣቢያው ቦርድ ሲያጸድቀው። ወረዳው «እናንተማ ገቢ አላችሁ» ብሎ ከመንግሥት በጀታችሁ ሊቀንስ ሲል ግን ዝም አትበሉ። የውስጥ ገቢ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። በጀት ሲደለደል ይህን በደብዳቤ አስገቡ፤ በአፍ የተነገረ ፋይል ውስጥ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ብር ሲያጥረን ከእያንዳንዱ መድኃኒት ላይ 30 በመቶ ቀንሰን አዘዝን። ልክ ነን?

መልስ፦ አይደላችሁም። ደም የሚፈሳት ወላድ ደሙን የሚያቆመውን ኦክሲቶሲን ካጣች ሌላ ቀን የላትም፤ ቫይታሚን ግን ሳምንት ቢቆይ የሚጎዳው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ብሩን ረስታችሁ እውነተኛውን ፍላጎት አስሉ። ለምሳሌ አሞክሲሲሊን፦ የሁለት ወሩ መነሻ 3,000 እንክብል፣ የገባ 2,000፣ የተበላሸ 200፣ አሁን በእጅ ያለ 800 ቢሆን፣ ለሕሙማን የወጣው 4,000 ነው። የጤና ጣቢያ ከፍተኛ ክምችት የአራት ወር ስለሆነ በሁለት አባዙት፤ 8,000 ይሆናል። በእጅ ያለውን 800 ሲቀንሱ ትእዛዙ 7,200 ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከ60ው ቀን 20ውን መደርደሪያው ባዶ ከነበረ 4,000ው የ40 ቀን ወጪ ነው፤ የ60 ቀኑ 6,000 ይሆናል፣ ትእዛዙም 11,200። ይህ ካልታረመ እጥረቱ ራሱ ቀጣዩን ትእዛዝ ያሳንሰዋል፤ ያነሰው ትእዛዝ ደግሞ ሌላ እጥረት ይወልዳል። ስለዚህ ያለቀበትንና የገባበትን ቀን ቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት የመደርደሪያ ካርድ) ላይ ጻፉ። ከዚያ ዝርዝሩን በሦስት ክፈሉት፦ ሕይወት አድን፣ አስፈላጊ፣ ቢዘገይ የሚቻል። መቀስ የሚነካው መጨረሻውን ነው።

ጥያቄ፦ ለጤና መድህን የምናቀርበው የክፍያ ጥያቄ ተመላሽ እየሆነ ነው።

መልስ፦ የመታወቂያው እድሳት ያለፈበት፣ ማዘዣውና የተሰጠው መድኃኒት የማይገጥም፣ ፊርማ የጎደለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ካርድ ክፍል ላይ በዕለቱ ይጣራ። ወር ሲያልቅ የሚፈለግ ፊርማ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ሰኔ ሲደርስ የትኛውን ገንዘብ እናስቀድም?

መልስ፦ የመንግሥቱን። ሥራ ላይ ያልዋለው ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ ይሆናል፤ የውስጥ ገቢ ግን በቀጣዩ ዓመት በጀት ተይዞና ጸድቆ ይሻገራል። ግዥው ጊዜ ስለሚበላ ሚያዝያ ላይ ጀምሩት። ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት ቢዘገይ እንኳ ክረምቱ ሲወጣ ለሚመጣው ወባ መድኃኒት መግዣ ከተሻገረው የውስጥ ገቢ ይኖራችኋል።