300 ዶላር የተጠየቀበት ሁሉ 300 ዶላር አያወጣም

ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። ፒያሳ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ አሮጌ አይቢኤም ሞዴል ኤም ኪቦርድ አግኝተሻል። ጀርባው ላይ 1391401 የሚል ቁጥር አለ። ባለሱቁ ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ 300 ዶላር ተብሎ አይቶ፣ በምንዛሪ አባዝቶ 40 ሺህ ብር ጠርቷል። አብሮት የተቀመጠውን የአፕል ኪቦርድ ደግሞ "ምርቃት ነው" ብሎሻል። ልግዛው ወይስ ልተወው ነው ጥያቄው።

በዚህ ዋጋ አትግዢው እህቴ። ሰውዬው ግን ሊሸውድሽ ያሰበ አይመስለኝም። የተጠየቀ ዋጋና የተሸጠ ዋጋ ተምታቶበት ነው።

ኢቤይ ላይ ማንም ሰው የፈለገውን ቁጥር መለጠፍ ይችላል። ገዢ አጥቶ ወራት የሚቀመጥ ሞልቷል። መታየት ያለበት የተሸጡት ዝርዝር ነው፤ ፍለጋው ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳይ ምርጫ አለ። እሱን ከፍታችሁ አብራችሁ እዩት። የሚሠራ 1391401 ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር ብዙም ሳይርቅ ይሸጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሞዴል ኤም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሊዮን የተመረተ ዕቃ ነው። ከውስጡ ደግሞ ይሄኛው ቁጥር በብዛት የሚገኘው ነው። ዩኒኮምፕ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ማምረቻውን በ1996 እ.ኤ.አ. የአይቢኤምን የኪቦርድ ሥራ ከወረሰው ከሌክስማርክ ተረክቦ እስከ ዛሬ ይሠራዋል። አዲሱ ከነካርቶኑ ከ300 ዶላር በጣም ባነሰ ዋጋ እየተሸጠ ለአሮጌው 300 ልክፈል የሚል ብዙ ሰው የለም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ነጋዴው ሁሉንም ነገር በዶላር ማሰብ ለምዷል። ነገ መልሶ ለሚያስመጣው ዕቃ ልክ ነው፣ አልፈርድበትም። ይሄ ኪቦርድ ግን ምናልባት ከ30 ዓመት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጋር የገባ፣ በኋላ በንብረት ማስወገጃ ጨረታ ወጥቶ በኪሎ የተሸጠ ነው። በዶላር የሚተካው ነገር የለውም።

ስለዚህ እኔ ሁለት ነገር አሰላለሁ። አንደኛ፣ ባለሱቁ ውጭ ቢሸጠው እጁ ላይ ስንት ይቀራል? ዕቃው ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የፖስታው ዋጋ የሽያጩን ትልቅ ድርሻ ይበላዋል፤ ክፍያውን እዚህ መቀበል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የሚቀረው ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ አንቺ ከአሜሪካ ብታስመጪው ስንት ይፈጅብሻል? የዕቃው ዋጋ፣ ሲደመር የዘመድ ሻንጣ ውስጥ የሚይዘው ቦታ፣ ሲደመር ያ ዘመድ የሚቆጥርብሽ ውለታ። ተገቢው ዋጋ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በእኔ ሒሳብ ከ6 ሺህ እስከ 12 ሺህ ብር። ከ6 በታች ብትጠሪ ሰውዬውን መናቅ ይሆናል። ከ12 በላይ እኔ አልከፍልም። ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ዕቃ ገንዘብ የምናወጣ ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን። ባለሱቁ አንቺን ከመለሰ ቀጣዩን ገዢ ብዙ መጠበቁ አይቀርም።

ይሄ ሁሉ ግን ለሚሠራ ነው። እጅሽ ላይ ሳለ ወዝወዝ አድርጊው። ውስጡ ጠጠር እንደገባበት ከተንኮሻኮሸ፣ የውስጡን የብረት ሳህን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዙት የፕላስቲክ ሪቬቶች እየተሰበሩ ነው ማለት ነው። በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው፣ ጥቂቱ አያስደነግጥም። ብዙው ከረገፈ ግን ቁልፎቹ ይፈዛሉ። ጥገናው ሁሉንም ፈትቶ፣ አንድ በአንድ በስቶ፣ በትንንሽ ብሎን መተካት ነው። የሚወደው ሰው እሑዱን ይሠዋለታል፤ አንቺ ከማትወጂው ወገን ከሆንሽ ከዋጋው ግማሹን ቀንሺ።

ቀጥሎ አንድ ቁልፍ ላይ ያለውን ቆብ ንቀዪና ሥሩን እዪ። ቀጭን የሽቦ ሞላ መታየት አለበት። ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ሞላው ሲጎብጥ ነው። ጎማ ካየሽ ግን መልኩን ብቻ የያዘ የኋላ ዘመን ርካሽ ሥራ ነው፤ ትተሽ ውጪ።

ከዚያ ሰክተሽ ሞክሪው። ጥገና ቤት ስለሆነ ክብ መሰኪያ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለ ይሰካ፣ ከዚያ ይብራ። በርቶ እያለ መሰካት ሊያቃጥል ይችላል። ኖትፓድ ከፍተሽ 101ዱንም ቁልፍ ተጫኚ፤ ባለሱቁ ቢሰለቸው ይሰልቸው። ቤትሽ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ክቡን መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኮንቨርተር ያስፈልግሻል። ሱቅ የምታገኚያት ወይን ጠጅ ቀለም ያላት ሚጢጢ አስማሚ ውስጧ ሽቦ ብቻ ነው፣ ለዚህ አትሆንም። ቺፕ ያለው ነው የሚፈለገው፤ እሱንም ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላመጣልሽ ይቸግራል። ይህም ወጪ ከዋጋው ላይ ይታሰብ።

ፎቶሽ ላይ ቁልፎቹ የግዕዝ ፊደል ስቲከር ተለጥፎባቸው አየሁ። ባለሱቁ "በአልኮል ይነሣል" ማለቱንም ጽፈሻል። አደራ፣ እንዳይነካው! የውጭ ሰብሳቢ ለዚያ ስቲከር ዋጋ ይቀንሳል። እኔ እጨምርለታለሁ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድና የራሱ የፊደል አቀማመጥ ነበረው፤ አንዱ የታይፕራይተሩን ይከተላል፣ ሌላው በድምፅ ይሄዳል። ስቲከሩ የትኛውን እንደሚከተል ካወቅሽ፣ በዚያ ኪቦርድ የትኛው ሶፍትዌር እንደተሠራበት መገመት ትችያለሽ። ይሄኛውን ኪቦርድ ኢቤይ ላይ ካሉት 1391401ዎች የሚለየው ይሄ ስቲከር ብቻ ነው። ለእኔ ተጨማሪ 2 ሺህ ብር ያወጣል።

ምርቃቱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የአፕሉ ኪቦርድ ሥር የሞዴል ቁጥር አለ። ኤም 0115 ከሆነ የ1987 እ.ኤ.አ. ኤክስቴንድድ ኪቦርድ ነው። ኤም 3501 ከሆነ እሱን የተካው ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ከአይቢኤሙ ዋጋ ብዙም አያንሱም፣ አንዳንዴም ይበልጣሉ። የሚፈለጉት የጃፓኑ አልፕስ ኩባንያ በሠራቸው፣ በየቁልፉ ሥር ባሉት ማብሪያዎች ምክንያት ነው። ሁለተኛው ላይ ሚትሱሚ የሚባል የሌላ ኩባንያ ማብሪያ የተገጠመባቸውም ስላሉ እዚህም አንድ ቆብ ነቅለሽ እዪ። ኤም 2980 ከሆነ ግን ጎማ ነው፣ የሰብሳቢ ዕቃ አይደለም።

0115 ወይም 3501 ሆኖ ከተገኘ ምን ታደርጊያለሽ? አንዳንዱ ሰብሳቢ "ዝም ብለሽ ውሰጂ፣ ነጋዴ ነው፣ ይወቅበት" ይልሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምናለሽ ተራ ሄጄ ዕቃውን የማያውቅ ልጅ 200 ብር ሲለኝ እንኳ ጨምሬ ነው የምሰጠው። ጽድቅ ፍለጋ አይደለም፤ ነገ ቆራሌው ሌላ ሲያገኝ ለብረት ቀጥቃጭ ከመሸጡ በፊት እንዲደውልልኝ ነው። ባለሱቅሽንም እንዲሁ አድርጊ። "ይሄ ምርቃት አይደለም፣ ዋጋ አለው፤ ያኛው ደግሞ 40 ሺህ አያወጣም" በይው። የተሸጡትን ዝርዝር በስልክሽ አሳዪውና ለሁለቱም በአንድ ላይ 20 ሺህ ጥሪ። በ25 ቢዘጋ እንኳ ሁለታችሁም አትጎዱም።

አሻፈረኝ ካለ ስልክ ቁጥርሽን ትተሽለት ውጪ። ብቻ ከመውጣትሽ በፊት የአፕሉን ቁጥር አንብበሽ ጻፊልኝ። 2980 ከሆነማ ምርቃቱን አመስግነሽ ተቀበዪ።